ሁለት ስም ያለው ውሻ

ቤርሳቤህና ባሏ ቢያድግልኝ የሚነጋገሩት በውሻ ነበር። ስድብ እንዳይመስልባቸው፤ አሠራሩ ነው እንዲህ የነበረው።

ቤርሳቤህ ጨው ማለቁን ለባሏ ማስታወቅ ከፈለገች ባሏን አታይም። በሩ ላይ የተጋደመውን ቡላ ውሻ እያየች፣ «አልሰማም፣ ጨው አልቋል። ንገረው» ትላለች። ውሻው ይነሳል፣ ይንጠራራል፣ እጅ ሲዘረጋ በሚደረስበት ርቀት ወደተቀመጠው ቢያድግልኝ ይሄድና አፍንጫውን ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል። ቢያድግልኝ ጨው ማለቁን የሚሰማው ያን ጊዜ ነው። ቅድም ሚስቱ ስትናገር ጆሮ አልነበረውም ወይ? ነበረው። ግን ሕግ ሕግ ነው፤ ውሻው ካልደረሰ መልእክቱም አልደረሰም። ቢያድግልኝ ከኪሱ የዳቦ ፍርፋሪ አውጥቶ ለመልእክተኛው ደሞዙን ይከፍልና፣ «አስታርቀኝ፣ ከሥራ ስመለስ ይዤ እመጣለሁ። ንገራት» ይላል። ውሻው ይመለሳል። እዚያም ፍርፋሪ አለ።

አንድ ውሻ ሁለት ስም የያዘው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ አገር ለውሻ ስም ሲወጣ ለውሻው ታስቦ አይደለም፤ ለጎረቤት ነው። በድንበር የተጣላ ሰው ፊት ለፊት የማይናገረውን ለውሻው ስም አድርጎ ያወጣውና በአጥሩ በኩል ጠዋት ማታ ይጣራል፤ ጎረቤትየውም መልሱን በራሱ ውሻ ይልካል። ቢያድግልኝና ቤርሳቤህ አጥር አልነበራቸውም። የነበራቸው አንድ የኪራይ ክፍልና አንድ አልጋ ነው። ቢያድግልኝ ውሻውን «አስታርቀኝ» ብሎ ጠራው። ቤርሳቤህ በማግስቱ «አልሰማም» ብላ ጠራችው። ውሻው ለሁለቱም ጅራቱን ቆላ፤ ከቤቱ ሦስት ነዋሪዎች መካከል ነገር የማይዝ እሱ ብቻ ነበር።

የጠባቸው መነሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ቢያድግልኝ ለሳኝ ነው። ሀርጌሳ የገባው ከተማዋ ከፍርስራሽ ስትነሳ ስሚንቶ የሚያውቅ እጅ ሁሉ ይፈለግ በነበረበት ጊዜ ነው። ሰዉ ከስደት ካምፕ እየተመለሰ፣ በላስቲክና በጨርቅ የሸፈነውን ቤቱን አንድ አንድ ክፍል እያለ ይሠራ ነበር። ቢያድግልኝ የተካነበት ሥራ የጥይት ቀዳዳ መድፈን ነው። ወንፊት የሆነ ግድግዳ ስጡት፤ ሲጨርስ ጥይቱ የት ገብቶ እንደነበር የቤቱ ባለቤት እንኳ አያገኘውም። ክፋቱ፣ በዓለም ላይ ያለ ቀዳዳ ሁሉ እንዲሁ የሚደፈን ይመስለው ነበር።

ቤርሳቤህ የውጭ አገር ሰዎች በሚያርፉበት የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ ታጥባለች። በተጋቡ በዓመቱ፣ በጅላል፣ ማለትም አቧራ እንጂ ውሃ በሌለበት በደረቁ ወራት፣ የስድስት ወር ፅንስ ወረደባት። ቢያድግልኝ በርበራ ወርዶ መጋዘን ሲለስን ነበር። የደረሰላት የግቢው ባለቤት ሀዎ ናት። ሕፃኑን ሰዎች በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ወስደው ቀበሩት፤ ቤርሳቤህ ስትነቃ ነገሩ ሁሉ አልቆ ነበር። ቢያድግልኝ በሦስተኛው ቀን ስሚንቶ በስሚንቶ ሆኖ ደረሰ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣

«አይዞሽ፣ ሌላ ይመጣል» አላት።

ሚኒባስ ላመለጠው ሰው እንደሚባለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤርሳቤህ ለባሏ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። እሱ መጀመሪያ ድካም ነው አለ፣ ቀጥሎ ሐዘን ነው አለ። ወር ሲሞላው ከሚሠራበት ፍርስራሽ ውስጥ አንድ ዓይኑ በቅጡ ያልተከፈተ ቡችላ አገኘና በስሚንቶ ከረጢት ይዞላት መጣ። የምታቅፈው ነገር እንድታገኝ ብሎ ነው። ቤርሳቤህ ከረጢቱን ከፍታ አየች። በልጅ ፈንታ ውሻ። በመጨረሻ አፏን ከፈተች፤ ግን ለቡችላው ነበር።

«ወተት የለንም በለው» አለችው።

እንዲህ ተጀመረ።

ውሻ በሚኖሩበት በኮድቡር ሰፈር ማሳደግ ቀላል ነገር አይደለም። ሀዎን ግቢው ሁሉ ኤዶ ሀዎ ይላታል፤ አክስቴ እንደማለት ነው። ባሏን በጦርነቱ ያጣች፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በስደት ካምፕ ዓመታት ያሳለፈች ሴት ናት። አማርኛዋን የተማረችው እህል በሚታደልበት ሰልፍ ላይ ስለነበር ሰላምታዋም ትእዛዝ ነው።

«ቁም! እንዴት አደርክ? ዝም ብለህ አትለፍ፣ መልስ!»

ቡችላውን ባየች ቀን ቢያድግልኝን አስቁማ ነገረችው። «ስማ፣ አንተ ለሳኝ። ምራቁ የነካውን ዕቃ በእኛ ሃይማኖት ሰባት ጊዜ ነው የማጥበው፣ አንዱን በአፈር። ውሃ በአህያ ጀርባ ነው የሚመጣልኝ። አንተ ልትከፍልልኝ ነው? ድንጋይ አምጣ!»

ድንጋይ አመጣ። በግቢው መሀል ከአጥር እስከ አጥር ደረደሩት፤ ሀዎ በኖራ ነጭ ቀባችው። ከድንጋዩ ወዲያ የሀዎ፣ ከድንጋዩ ወዲህ የውሻው። ቢያድግልኝ ውሻው ነጩን ድንጋይ እንዳይሻገር አስተማረው። ብልህ ስለነበር በሁለት ሳምንት ገባው።

ባልና ሚስቱ በየወቅቱ አንድ ዓርብ ወጥተው መናፈስ ልማዳቸው ነበር። ከተጣሉ በኋላም አላቋረጡትም። ጠብ በሰፈር ይወራል፤ መውጣት ከቀረ ግን ወሬው ይረጋገጣል። ስለዚህ ይወጡ ነበር፤ እሱ በፊት፣ እሷ በኋላ፣ ውሻው ከመሀል፣ በገመድ።

«ጉ» በሚባለው፣ ዝናቡ ጥሎ ሣር ብቅ በሚልበት ወቅት፣ ወደ ወንዙ ዳር ወረዱ። ቡችላው በሕይወቱ መጀመሪያ ያየውን ሣር ሊበላው ሞከረ። «አስታርቀኝ፣ ሣሩ ደስ አይልም? ጠይቃት» አለ ቢያድግልኝ። «አልሰማም፣ ሣር ነው በለው» አለች ቤርሳቤህ። ቡችላው ገና ሥራውን አልለመደም ነበርና በመሀል ተቀምጦ አስነጠሰ። በዚያው ሰሞን ሬዲዮው ሁለት ጎረቤት መንግሥታት በአስታራቂ ካልሆነ አንነጋገርም ማለታቸውን ያወራ ነበር። አስታራቂዎቹ በአውሮፕላን ይመላለሱ ነበር። የቢያድግልኝ በእግሩ ነው የሚሄደው፤ ውጤቱ ግን ተመሳሳይ ነው።

በሀጋ፣ ነፋሱ አቧራውን ሁሉ አንስቶ በሰው ዓይን በሚበትንበት ወቅት፣ ሜዳ ስለማይወጣ ዋሄን ገበያ ሄዱ። ሽልንጉን እንደ ጡብ ቆልለው የተቀመጡት መንዛሪዎች ውሻውን ሲያዩ እግራቸውን ሰበሰቡ። አንድ ተሸካሚ ጮኸ። ድንጋይ መወርወር ሲጀመር ቤርሳቤህ ውሻውን ብድግ አድርጋ በሻርፗ ጠቀለለችውና ደረቷ ላይ አቀፈችው። ውሻው ደከመውና ፀጥ አለ። አርዶ የምትባለው ሽንኩርት ነጋዴ ደንበኛዋ ናት፤ ስታያት ፊቷ በራ።

«ወለድሽ እንዴ? አልነገርሽኝም! ልየው፣ ልየው!»

የሻርፑን ጫፍ ገለጥ አደረገች። «ማሻአላህ» ልትል «ማሻ» ላይ ስትደርስ አፍንጫው ወጣ። ጩኸቷ ጣቃ ሻጮቹን ሁሉ አስነሳቸው። ሽንኩርቱ ተገለበጠ። ቤርሳቤህ ሳቀች፤ ቢያድግልኝም ሳቀ፤ ከስንት ወር በኋላ አንድ ላይ ሳቁ። ሮጠው ከገበያው ወጡ።

ቤት ሲደርሱ ውሻውን አወረደችና ሻርፑን ታየው ጀመር። ውሻው የተኛበት ቦታ ጎድጎድ ብሎ ይሞቅ ነበር። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ቢያድግልኝ ምን እንደነካት ለመጠየቅ ውሻውን ሦስቴ ላከው። ሦስቴም ባዶ አፉን ተመለሰ።

በደይር፣ ትንሹ ዝናብ ሲመጣ፣ ወንዙ ሞልቶ ሲያልፍ ለማየት ከከተማው ሰው ጋር ድልድዩ ላይ ቆሙ። ደረቅ አሸዋ የነበረው ቡናማ ውሃ ሆኖ በርና ጎማ ጭኖ ይነጉዳል። ውሻው ወንዙ ላይ ጮኸበት፤ ወንዙ አልመለሰለትም፤ ያ ለውሻው እንግዳ አልነበረም። ቤርሳቤህ ዓይኗን ከውሃው ሳትነቅል ተናገረች።

«አልሰማም፣ እስከሚቀጥለው ጉ ነው የምጠብቀው። ያለኝን ቃል ካላነሳልኝ ወደ እናቴ እመለሳለሁ። ንገረው።»

ውሻው ሄደ። ቢያድግልኝ የውሻውን ጭንቅላት በሁለት እጁ ይዞ ቆየ።

«አስታርቀኝ፣ ምን ብያት ነው? ጠይቃት።»

«ያውቀዋል በለው።»

እውነት አያውቀውም ነበር። ያ ነው መከራው። ቤት ተመልሶ፣ ሥራ ላይም ሲለስን፣ ያላትን ሁሉ አንድ በአንድ አሰበ፤ ስለ ወጥ ያለው፣ ስለ እናቷ ያለው፣ ስለ ፀጉሯ ያለው። ለእያንዳንዱ ይቅርታ በውሻው ላከ። ይቅርታዎቹ ትክክለኛ አልነበሩምና ተመለሱ፤ ይባስ ብሎ ስለ እናቷ ያለውን ረስታው ነበር።

ጅላል ተመለሰ። ሕፃኑ የወረደበት ወቅት ስለሆነ በጅላል የትም አልወጡም። በረመዳን ኤዶ ሀዎ ከማፍጠሪያ በኋላ ሻሂ አፍልታ ሁለቱን ከነጩ ድንጋይ አጠገብ አስቀመጠቻቸው።

«ተቀመጥ! አንቺም ተቀመጪ! ስሙ። የእኛ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ወራት ተቀምጠው ጎሳ ከጎሳ አስታረቁ። በመሀል የፈሰሰው ደም ነው። እናንተ ሁለት ሰው ናችሁ፣ በመሀላችሁ ውሻ ነው! አላህ ምን ይላችኋል? ተናገሩ!»



«አልሰማም» አለች ቤርሳቤህ ቀስ ብላ፣ «ኤዶ ሀዎ አትድከም በላት።»

ውሻው ተነስቶ ወደ ሀዎ አመራ፤ ነጩ ድንጋይ ላይ ሲደርስ እንደተማረው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከዚያ አፍንጫውን ወደ እሷ ዘርግቶ ይህን መልእክት የት ላድርስ በሚል ዓይን አያት። ሀዎ አየችው። ሳታስበው ሳቅ አፈናት።

«ከናንተ ይሻላል» አለች። «ይሄ እንኳ ሕግ የት እንደሚያልቅ ያውቃል።»

በዒድ ዕለት ሀዎ አጥንት ወረወረችለት። መጀመሪያ ከድንጋዩ ወዲህ ነበር የምትወረውረው። ኋላ ድንጋዩ አጠገብ። በአረፋ በጉ ሲታረድ ግን ከድንጋዩ ማዶ፣ እግሯ ሥር ጣለችለት፤ «ና፣ ና፣ አታፍርም እንዴ፣ እኔ ፈቅጄልሃለሁ!» አለችው። ውሻው ነጩን ድንጋይ፣ ቀጥሎ ቢያድግልኝን፣ ቀጥሎ አጥንቱን አየ። ተሻገረ። ግቢው አጨበጨበ። በዚያ ዓመት በዚያ ግቢ የወረደው ዕርቅ ይህ ብቻ ነበር።

በዚያው ሰሞን ቢያድግልኝ አንድ የግድግዳ ቀዳዳ ሲደፍን እጁ በአየር ላይ ቀረ። የጥይት ቀዳዳ ነው፣ ጠባብ ነው፣ እንደ ልማዱ ስሚንቶ ጠቅጥቆበት ነበር። ከግድግዳው ወዲያ የቤቱ ባለቤት ለጎረቤቷ በራሷ ቋንቋ የሆነ ነገር ትናገርና ታለቅሳለች። ጠየቀ። ጥይቱ ሲገባ ከዚህ ቀዳዳ በስተጀርባ ልጇ ቆሞ ነበር አሉት። ቀዳዳው እንዲደፈን ሳይሆን እንዲተውላት ነበር የምትፈልገው።

ቢያድግልኝ መሰላሉ ላይ ተቀመጠ። ውሻው ከሥር ነበር።

«አስታርቀኝ» አለው፣ «እናቴ ከእኔ በፊት አምስት ቀብራለች። ለዚህ ነው ስሜን ቢያድግልኝ ያለችው። አንድ ሲሞት ጎረቤት ይመጣል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ ‹አይዞሽ፣ ሌላ ይመጣል› ይላታል። እሷም ‹አሜን› ትላለች። እኔ ለሐዘን የሚባል ሌላ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ሌላ ያለ አልመሰለኝም።»

ውሻው ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ። ቢያድግልኝ «ንገራት» አላለም። ይህን ግን እኔው ራሴ ነኝ የምነግራት አለ በልቡ። በዓመቱ ካሰበው ሁሉ ትክክለኛው ሐሳብ ይህ ነበር።

ጉ ገባ። የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግስት ቤርሳቤህ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አወጣች፤ ልብሶቿን አጣጥፋ አስገባች፤ አልዘጋችውም። ቢያድግልኝ ክፍቱን ሻንጣ አየ።

«አስታርቀኝ፣ ዓርብ ኮረብቶቹ ጋ እንውጣ በላት። የምነግራት ነገር አለ።»

ቤርሳቤህ ውሻውን አሻሸችው። «እሺ በለው» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ዓመት ሙሉ ያልነበረ ነገር ነበር።

ከሀርጌሳ ወጣ ብሎ ሁለት መንታ ኮረብቶች አሉ፤ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። የወሰዳቸው የግንባታ አሸዋ የሚያመላልስ ዒዲል የሚባል ሹፌር ነው። ዒዲል ውሻ ጋቢና ውስጥ አላስገባም ስላለ ውሻው ኋላ፣ ባዶው የጭነት ቦታ ላይ፣ እንደ ባለሥልጣን ቆሞ ሄደ። ከኮረብቶቹ ወዲህ የድሮ የጦር ሰፈር የነበረ ሜዳ አለ። ፈንጂ ጠራጊዎች ጀምረውታል፣ አልጨረሱትም። በመንገዱ ጠርዝ ቀለም የተቀቡ ድንጋዮች ተደርድረዋል፤ ወደ መንገዱ የዞረው ፊታቸው ነጭ፣ ወደ ሜዳው የዞረው ቀይ ነው። ነጩን እያየህ እስከሆነ ሰላም ነህ ማለት ነው። ይህን ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ቢያድግልኝም ያውቃል፤ ግን ውሻው ነጭ ድንጋይ እንዳይሻገር አስተምሬዋለሁ ብሎ ገመዱን ፈታለት። አረፋን ረስቶታል።

ሁዳዴ ስለነበር የያዙት ዳቦና ሙዝ ነው። ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ ውሻው እንደ ደንቡ ከመሀል። ዒዲል ራቅ ብሎ ሞተሩን ከፍቶ ያየዋል። ቢያድግልኝ ሙዙን ላጠው፣ አልበላውም። 

«ቤርሳቤህ» አላት።

ስሟን ከአፉ ከሰማች ዓመት አልፏል። ዞረች። ፊት ለፊት አየችው።

«ምን?» አለችው።

ለእሱ ነው ያለችው። ለውሻው አይደለም። ውሻው አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፤ ማንም አልላከውም። በተቀጠረ በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ፈታ። ተነስቶ ሄደ፤ ሁለቱም አላዩትም።

«ያን ቀን ያልኩሽ ነገር…» አለ ቢያድግልኝ።

ዒዲል ጮኸ።

ከነጮቹ ድንጋዮች ማዶ የደረቀ የፍየል አጥንት ነበር። ፍየሏ እዚያ ለምን እንደሞተች ድንጋዮቹ ይናገራሉ፤ ውሻው ግን የሚያውቀው የኤዶ ሀዎን ድንጋይ ነው፤ ከነጭ ድንጋይ ማዶ ያለ አጥንት የተፈቀደ አጥንት ነው። ተሻግሯል። ሜዳው መሀል ቆሞ፣ አጥንቱን በአፉ ይዞ፣ አመስግኑኝ በሚል ጅራቱን ይቆላል።

«አስታርቀኝ! ና! አስታርቀኝ!» አለ ቢያድግልኝ ወደ ድንጋዮቹ ሮጦ።

«አልሰማም! አልሰማም!» አለች ቤርሳቤህ፤ እሷ የቆመችው ውሻው በገባበት በኩል ነበር።

ውሻው ወደ እሱ ሁለት እርምጃ ሄደ። ወደ እሷ ዞረ። እንደገና ወደ እሱ። ሁለቱ የሚጠሩት ሁለት ውሻ ይመስል ነበር፤ መሀል ያለው ግን አንድ ነው።

ዒዲል ደረሰ። «ዝም! ዝም በሉ! አትጥሩት! በገባበት ይውጣ!»

ቤርሳቤህ ገባት። ዝም አለች። ውሻውም ወደ ገባበት ወደ እሷ አፈሩን እያሸተተ መጣ፤ የራሱን ዱካ ይዞ። ቢያድግልኝ ግን መስማት አልቻለም፤ እጁን እያወናጨፈ «አስታርቀኝ! አስታርቀኝ!» ይላል። ውሻው ቆመ፤ ወደ እሱ ሊዞር ነው። ቤርሳቤህ ማለት ያለባት ሦስት ቃል ነበር፤ ቢያድግልኝ፣ ዝም በል። ባሏ ቅርብ ነበር፤ ይሰማታል። ቃሉ አፏ ድረስ መጣ። አፏ ግን ዓመት ሙሉ የለመደውን አደረገ።

«አልሰማም! ዝም በል በለው! ንገረው!»

ውሻው ሥራው ተመለሰለት። አጥንቱን ከአፉ ጣለ፤ በአጥንት መልእክት አይደርስም። ጆሮውን አቆመ፣ ዱካውን ተወ፣ መልእክቱን ይዞ በቀጥታ፣ በአቋራጭ፣ ወደ ቢያድግልኝ ሮጠ።

ድምፁ ያን ያህል አልነበረም። ከተማው ውስጥ የሰማ ሰው የድንጋይ ካባ ነው ብሎ አልፎት ይሆናል።

አቧራው እስኪወርድ ማንም አልተነቃነቀም። ቤርሳቤህ እግሯን ወደ ድንጋዮቹ ስታነሳ ዒዲል በሁለት እጁ ያዛት፤ በሌላ ጊዜ የሰው ሚስት አይነካም። «የለም» አላት በአማርኛ። «እዛ የለም። ምንም የለም።» እሷም ሜዳውን እያየች ቆመች። ሁለተኛዋ ነው የማትቀብረው።

ሲመለሱ ሦስቱም ጋቢና ውስጥ ተቀመጡ። ኋላ የጭነት ቦታው ላይ ማንም አልነበረም።

ኤዶ ሀዎ በሩ ላይ ቆማ አንድ፣ ሁለት ቆጠረች፣ ገመዱን በቢያድግልኝ እጅ አየች። ዒዲል በራሳቸው ቋንቋ ነገራት። ሀዎ ዓይኗ ወደ ነጩ የድንጋይ መስመር ሄደ፤ እዚያው ቀረ።

«እኔ ነኝ» አለች። «መሻገር ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

ቢያድግልኝ ገመዱን የፈታሁት እኔ ነኝ አላለም። ቤርሳቤህ የላክሁት እኔ ነኝ አላለችም። ሁለቱም አሰቡት፤ የሚያደርስላቸው አልነበረም።

ከፀሐይ መግቢያ በፊት ቤርሳቤህ ሻንጣዋን ዘጋች። ቢያድግልኝ በሩ አጠገብ እንደ ወትሮው ተቀምጧል። ቤርሳቤህ ወደ ሀዎ ወጣች።

«ኤዶ ሀዎ፣ እባክሽ ንገሪው…»

«አልነግርም!» አለች ሀዎ። እንባዋ ይወርዳል፤ ድምፅዋ ግን የሰልፍ ነው። «እኔ የናንተ ውሻ አይደለሁም! አፍ አለሽ፣ እሱም ጆሮ አለው። ግቢ! ንገሪው!»

ቤርሳቤህ ገባች። ክፍሉ መሀል ቆመች። ባሏን አየችው፤ አልቻለችም። ዓይኗ ወደ በሩ ወለል፣ ወደ ቡላ ፀጉር ወደቀረበት ቦታ ወረደ።

«አልሰማም» አለች፣ «ነገ በጠዋቱ መኪና ወደ ድንበር እሄዳለሁ። ንገረው።»

ከዚያ ጠበቀች። እንደዚያ ቆማ ስትጠብቅ ማንም ቢያያት ምን እንደምትጠብቅ ያውቃል። አትሂጂ የሚል አንድ ቃል ነው። ቢያድግልኝ አፉ ውስጥ ነበር፤ አትሂጂ፤ ከሥሩም ያን ቀን ያልኩሽ ነገር፤ ከሥሩም እናቴ አምስት ቀብራለች። ሁሉም ተሰልፏል። እጁ ኪሱ ውስጥ ፍርፋሪውን ይዞ፣ ጉልበቱን ትንሽ ወደ ፊት አውጥቶ፣ ቀዝቃዛ አፍንጫ እስኪያርፍበት ተቀመጠ።

 መብራት ሳይበራ መሸ።

ጠዋት የግቢው በር ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማ። ፀሐይ ሞቅ ሲል ሀዎ መጣች፤ አልጋውን አየች፣ ከአልጋው ሥር አየች።

«ለምንድነው ያላስቀረሃት? አልነገረችህም?»

«አልደረሰኝም» አለ ቢያድግልኝ።

ሀዎ ወጥታ ግቢው መሀል ጎንበስ አለችና ነጮቹን ድንጋዮች አንድ በአንድ ትለቅም ጀመር፤ እየተሠራ ያለው የሦስተኛው ክፍሏ ግድግዳ ድንጋይ አጥሮት ነበር። ጥቂት ብቻዋን ከተሸከመች በኋላ ቀና አለች።

«ና! ምን ትቀመጣለህ? ድንጋይ አቀብለኝ!»

ሄደ። ድንጋዮቹን አቀበላት፤ በኋላም ስሚንቶ አቡክቶ ራሱ ደረደራቸው፤ ነጩን ፊታቸውን ወደ ውስጥ እያዞረ። ሲለስነው ቀኑ አለቀ። እንደ ወትሮው ጥሩ ሥራ ነው፤ የትኛው ድንጋይ የት እንደገባ ማንም አያገኘውም።